ባለቤት የሌለው አደባባይ ቁልፍ ያዦች

«ይህ መድረክ የማንም አይደለም፤ የሁላችንም ነው።» ያልተማከሉ የሚባሉት የማኅበራዊ ትስስር መድረኮች ተጠቃሚ የሚጠሩት በዚህ ቃል ነው። ፌስቡክና ትዊተር ማን እንዲታይ፣ ማን እንዲሰወር ብቻቸውን ሲወስኑ ያየ ሰው፣ ባለቤት የሌለው አደባባይ ተከፈተ ሲባል ልቡ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በእነዚህ መድረኮች ላይ የሚሰማው እሮሮ ከቀድሞዎቹ እሮሮ ብዙም አይለይም። ድምፄ እኩል አይቆጠርም ይባላል፤ ጽሑፌ ሳይነገረኝ ተሰወረ ይባላል፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሚያዝ ሰው አለ ይባላል። ጥርጣሬው መሠረት አለው ወይ ቢባል፣ አለው። በአማርኛ ለምንጽፍና ለምናነብ ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እንፍራንዝ ላይ ቆሞ ለሚያስበው ሰው፣ በእርግጥ የሚያዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ከኮረብታው ሥር የሚያልፈው መንገድ ወደ ሰሜን በማክሰኝት አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ወደ ደቡብ በአዲስ ዘመን አልፎ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። በዘመነ መሳፍንት፣ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ፣ ዙፋኑም ዘውዱም ጎንደር ነበሩ። ማን እንደሚነግሥና ማን እንደሚወርድ ግን የሚወስኑት ጦር ያላቸው መሳፍንት ነበሩ፤ ኋላ ላይ ደግሞ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ያደረጉት የየጁ ራሶች። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ። አዋጁ በንጉሡ ስም ይነገራል፤ ኃይሉ ያለው ግን ሌላ ከተማ ነው። ሥልጣን ለብዙ መሳፍንት መከፋፈሉ ለገበሬው ነጻነት አላመጣለትም፤ ግብር የሚጠይቀውን ሰው ቁጥር አበዛበት እንጂ።

ወደ ዛሬው ስንመለስ፣ ጥርጣሬው በግልጽ በማስረጃ የተረጋገጠበት ትልቁ ታሪክ የስቲም ነው። ስቲም እ.ኤ.አ. በ2016 በኔድ ስኮትና በዳን ላሪመር የተጀመረ፣ በብሎክቼን (በብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያዝ መዝገብ) ላይ የቆመ መድረክ ነው። የጻፈም፣ ጥሩ ጽሑፍ ለይቶ ድምፅ የሰጠም በስቲም ሳንቲም ይከፈለው ነበር። ሐሳቡ ያጓጓል። ችግሩ የድምፁ ክብደት በያዝከው ሳንቲም ልክ መሆኑ ላይ ነው። አብዛኛው ሳንቲም ደግሞ ገና ከጅምሩ፣ ሌላው ሰው ነገሩን ሳያውቅ፣ በመሥራቾቹ ኩባንያ እጅ ገብቷል። ኩባንያው ይህን ድርሻ ለልማት እንጂ ድምፅ ለመስጠት አላውለውም ብሎ ነበር። ቃሉ ግን ቃል ብቻ ነበር፤ በኮዱ ውስጥ አልተጻፈም። በተግባርም ብዙ ሳንቲም ያላቸው፣ «ዓሣ ነባሪ» የሚባሉት ሰዎች፣ የፈለጉትን ጽሑፍ አንስተው ያልፈለጉትን ይጥሉ ነበር። በክፍያ ድምፅ የሚሸጡ ሮቦቶችም ተበራከቱ። ደክሞ የጻፈ ሰው ጥቂት ሳንቲም ብቻ ሲያገኝ፣ ድምፅ የገዛው ገጹን ይሞላዋል።

ዋናው ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ትሮን የተባለው የክሪፕቶ መረብ መሥራች ጀስቲን ሰን ኩባንያውን ከነሳንቲም ድርሻው ገዛ። መረቡን የሚያንቀሳቅሱት፣ «ምስክሮች» የሚባሉት 20 ሰዎች ይህን ሲያዩ ደነገጡና የተገዛው ሳንቲም ድምፅ እንዳይሰጥ በሶፍትዌር ለውጥ አሰሩት። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ማንም አይቆጣጠረውም በተባለ መረብ ላይ ጥቂት ሰዎች ተመካክረው የአንድን ሰው ንብረት ማሰር ችለዋል። ሐሳባቸው ቀና ሊሆን ይችላል፤ አቅሙ ግን አስቀድሞም እጃቸው ላይ ነበር። ማርች 2 ቀን ደግሞ ምላሹ መጣ። ባይናንስ፣ ሁዎቢና ፖሎኒየክስ የተባሉት የክሪፕቶ መገበያያዎች ደንበኞቻቸው በአደራ ያስቀመጡትን ሳንቲም ድምፅ ሰጡበት፤ በሰዓታት ውስጥም 20ዎቹ ምስክሮች በአዲስ ሰዎች ተተኩ። የምርጫው ሕግ ራሱ ለዚህ በር ከፍቷል፤ አንድ ባለ ሳንቲም እስከ 30 ለሚደርሱ እጩዎች ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ክብደት ያለው ድምፅ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም የሚበልጥ ሳንቲም የያዘ ሰው ከ20 ወንበሮች አንዱን ወይም ዐሥሩን አይደለም የሚወስደው፣ ሁሉንም ነው።

የእቁብ ሰው ይህን ለመረዳት የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልገውም። ገንዘብ ያዡ አባላቱ አደራ ያሉትን ብር ይዞ «ይህ ሁሉ ድምፅ የእኔ ነው» ብሎ ዳኛውንና ጸሐፊውን ቢሽር ማለት ነው። እቁብ ይህን አይፈቅድም። ዕጣው አባላቱ ባሉበት ይወጣል፤ ብር መያዝና ድምፅ መያዝም የተለያዩ ናቸው፤ ትልቅ ዕጣ የሚጥለውም ትንሽ የሚጥለውም ስብሰባ ላይ አንድ አፍ ነው ያላቸው። ስቲም ሁለቱን ደባልቆ ነው የተነሳው።

ባይናንስና ሁዎቢ ኋላ ላይ ድምፃቸውን አነሱ፤ ማኅበረሰቡ ግን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ማርች 20 ቀን ሃይቭ የተባለ አዲስ ብሎክቼን ተቋቋመ። ሃይቭ አዲሱን ሳንቲም ለስቲም ባለቤቶች ሁሉ ሲያድል የሰንን ድርሻ ዘለለ፤ ሰውዬውን በድምፅ የደገፉ አንዳንድ አካውንቶችንም ዘለለ። በሜይ 2020 ደግሞ በስቲም በኩል ያሉት 23.6 ሚሊዮን ያህል ስቲም ከተቃዋሚዎቻቸው ነጠቁ። እኔ ከሁለቱ ወገን ጥፋተኛውን ለመለየት አልደክምም። የሚያሳስበኝ፣ ሁለቱም ወገኖች የሰው ንብረት መንካት መቻላቸውና ንብረቱ የተነካበት ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ማጣቱ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ደግሞ አንድ ሌላ ጣጣ አለ፤ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ ሕጋዊው መገበያያ ብር ብቻ እንደሆነና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ጽፎ ሳንቲም ያገኘ ልጅ ተበደልኩ ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ እንኳ መቆሚያ የለውም።

ገንዘብ ያልገባባቸው መድረኮች ከዚህ ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን ውስጥ በዩጂን ሮችኮ የተጀመረው ማስቶዶን ማስታወቂያ የለውም፤ ጽሑፎችን በጊዜ ቅደም ተከተል እንጂ በስውር አልጎሪዝም አይደረድርም። ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር ተክሎ ከሌሎች ሺዎች ጋር ማገናኘት ይችላል። እዚያ ያለው ሥልጣን በእያንዳንዱ ሰርቨር አድሚን እጅ ነው። አድሚኑ ሌላ ሰርቨር ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል፤ በግል የተላኩ መልእክቶችም የተመሰጠሩ ስላልሆኑ ከፈለገ ሊያነባቸው ይችላል። ሲደክመው ወይም ወጪው ሲበዛበት ሰርቨሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገዋል። ተጠቃሚው ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር ይፈቀድለታል፤ የጻፋቸው ጽሑፎች ግን አብረውት አይሄዱም፤ ሰርቨሩ በድንገት ከጠፋም ያ ዕድል አይገኝም። በአፍጋኒስታን የአገር መለያ ስም የተመዘገበ አንድ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ2024 የታሊባን አስተዳደር ስሙን ሲሰርዝበት የደረሰው ይኸው ነው። ሰርቨሩ ራሱ አፍጋኒስታን ውስጥ አልነበረም። ቁልፉ ግን ካቡል ኖሯል። የእኛ አገር መለያ ስም በኢትዮ ቴሌኮም እጅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ቸል ብሎ አያልፈውም።

ብሉስካይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በትዊተር ውስጥ የተጠነሰሰ፣ በፌብሩዋሪ 2024 ለሕዝብ ክፍት የሆነ መድረክ ነው። በንድፉ ያልተማከለ ቢሆንም አብዛኛው ተጠቃሚ ያለው በአንዱ ኩባንያ ሰርቨሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የቱርክ ባለሥልጣናት ጥያቄ ሲያቀርቡ ከ70 በላይ አካውንቶች ቱርክ ውስጥ ላሉ ሰዎች እንዳይታዩ ተደረገ። ነገር ግን እገዳው የሚሠራው በኩባንያው በራሱ መተግበሪያ ላይ ነበር፤ በዚያው መረብ ላይ በሌሎች ሰዎች የተሠሩ መተግበሪያዎች የታገዱትን ያሳዩ ነበር። ያልተማከለ አሠራር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ይቀራል፤ እገዳውም ተደብቆ አይቀርም፣ ሁለቱን አስተያይቶ ማወቅ ይቻላል። በእኔ ሚዛን እስካሁን ከታዩት ሁሉ ለፍትሐዊነት የቀረበው ይህ ነው፤ ምንም እንኳ አብዛኛው ሰው ሌሎቹ መተግበሪያዎች መኖራቸውን ባያውቅም።

አሁን ግን እውነቱን እንነጋገር። በእንፍራንዝ፣ በማክሰኝት፣ በጎንደር ያለው ሰው ማስቶዶንም ስቲምም ላይ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ነው። የሽምብራና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ፣ የፈተና ውጤት፣ የመርዶ ዜና፣ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ የሚባለው ሁሉ በዚያ ይመጣል። ቴሌግራም ያልተማከለ አይደለም፤ ኩባንያ አለው፣ ባለቤቱም ፓቬል ዱሮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፓሪስ ላይ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ሆኖም ሰው የሚገለገልበት ባለቤት እንደሌለው አደባባይ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድንና ቻናል የራሱ አገር ነውና።

የዚያን አገር አስተዳደር ቀረብ ብለን እንየው። የአንድ ቡድን አድሚን ማንነቱን ሰውሮ በቡድኑ ስም እንዲጽፍ ቴሌግራም ይፈቅድለታል። አባላቱ የሚያዩት የቡድኑን ስምና ፎቶ ነው፤ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ አያዩም። አድሚኑ የአባልን መልእክት ሲሰርዝ ለሌላው አባል ምልክት አይቀርም፤ ጽሑፉ እንዳልነበረ ይሆናል። ማን ምን እንደሰረዘ የሚመዘግብ ማኅደር አለ፤ የሚያዩት ግን አድሚኖቹ ብቻ ናቸው፣ እሱም 48 ሰዓት ብቻ ይቆያል። በሦስተኛው ቀን አድሚኖቹ ራሳቸው እንኳ ተመልሰው ሊያዩት አይችሉም። ቻናል ደግሞ ይሸጣል። ባለቤትነቱ በአንድ ትእዛዝ ወደ ገዢው ይዛወራል፤ ተከታዮቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ ስሙና ፎቶው ይቀየራል። ትናንት የመንፈሳዊ ዝማሬ ቻናል ብለህ የተከተልከው ዛሬ የውርርድ ማስታወቂያ ወይም የአንድ የፖለቲካ ወገን ልሳን ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ማን እንደገዛው የሚነግርህ የለም። ጦርነትና ሥጋት ባለበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው መንገድ ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የሚወስነው በእነዚህ ቻናሎች ወሬ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ የኢንተርኔት መስመሩ አለ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በአገር አቀፍ ደረጃ አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ የአገሪቱ ቴሌኮም የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ብቻ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ የአማራ ክልልና የጦር ኃይሉ መሪዎች ሲገደሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሳው ችግር ሰበብ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወራት ያህል ተገደቡ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ጠፋ፤ ለብዙ ወራትም ጠፍቶ ቆየ። ሺህ ሰርቨር ቢኖር፣ ሺህ አድሚን ቢኖር፣ ሁሉም ወደ እንፍራንዝ የሚመጣው በዚያው ማማ ነው። መድረኮቹ በተገደቡባቸው ወራት ብዙ ሰው እገዳውን ወደሚያሳልፉ ነጻ ቪፒኤኖች ዞረ፤ የእነዚህ ባለቤት ማን እንደሆነና የሚያልፍባቸውን መረጃ ምን እንደሚያደርጉበት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ የሚያስተላልፉ መተግበሪያዎችም አሉ፤ እንደ ብራያር ያሉት። እነሱ በከተማ ሕዝብ መካከል ይሠራሉ። አንዱ ቤት ከሌላው በማሳና በገደል በሚለያይበት ደጋ ላይ ግን መልእክቱ ከጎረቤት አያልፍም።

አሁን ለአማርኛ ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብድበት ቦታ ደርሰናል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ የፌስቡክ ተጠቃሚ በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል አካባቢዎች ግድያና አስገድዶ መድፈር መፈጸሙን፣ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም ከፈጻሚዎቹ ጋር መተባበራቸውን የሚከስ ጽሑፍ በአማርኛ ለጠፈ። ጽሑፉን መጀመሪያ ያሰመረበት አማርኛ የሚለይ ማሽን ነው። ቀጥሎ አንድ ሠራተኛ አነሳው፤ ሰውየው ይግባኝ ሲል ሌላ ሠራተኛ ውሳኔውን አጸና። ጉዳዩ የፌስቡክ ባለቤት ወደ ሆነው ኩባንያ፣ ወደ ሜታ፣ የቁጥጥር ቦርድ ሲደርስ ኩባንያው «ተሳስተናል» ብሎ ጽሑፉን መለሰው። ቦርዱ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መነሳቱ ልክ ነበር ብሎ ፈረደ፤ ኩባንያው መድረኮቹ በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርና ያልተረጋገጠ ወሬ ለማሰራጨት እንዴት እንዳገለገሉ ገለልተኛ ጥናት እንዲያስጠናም መከረ። ሕይወት ሊያጠፋ በሚችል አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይህን ያህል ሲወላወሉ እናያለን። ያየነውም ቦርዱ ስለ ጻፈው ብቻ ነው፤ በዚያው ሰሞን ሳይመረመሩ የተነሱት ወይም ሳይመረመሩ የቀሩት ስንት እንደሆኑ ከኩባንያው ውጭ የሚያውቅ የለም።

ከዚህ የከፋም አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ የትግራይ ተወላጅ፣ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶአቸው ከውንጀላ ጋር ከተሰራጨ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ልጥፎቹ እንዲነሱ አስቀድሞ ለኩባንያው ማመልከቱን፣ መልስ ግን በጊዜው አለማግኘቱን በክሱ ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ያ ግድያ በእኛ ክልል፣ በእኛ ቋንቋ የተፈጸመ በደል ነው፤ አማርኛ የምንጽፍ ሁሉ ልናፍርበት ይገባል።

ያልተማከለ መድረክን ከልብ ለሚደግፍ ሰው ይህ ክስ ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። አብርሃም ቢያንስ የሚከሰው አካል አግኝቷል፤ ቢሮ ያለው፣ ጠበቃ ያለው፣ ካሳ ሊከፍል የሚችል ኩባንያ። ያው ልጥፍ በመቶ ሰርቨሮች ላይ ተባዝቶ ቢሆንስ? አንዱ ሰርቨር ጀርመን፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ስሙን በማይናገር ሰው ክፍል ውስጥ ቢሆን ማንን ይከሳል? ቁጥጥሩ ሲበተን ኃላፊነቱም አብሮ ይበተናል፤ የመድረኮቹ ደጋፊዎች የሚያወሩት ግን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። የእኛው ሕግም ለዚህ አልተዘጋጀም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ያዛል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን አካውንትም ለይቶ ይመለከታል። ጎንደር ውስጥ አንድ ተማሪ ለሁለት መቶ ጓደኞቹ ሰርቨር ቢተክል፣ በሕጉ ፊት እንደ ፌስቡክ ያለ «ድርጅት» ሊሆን ይችላል፤ እንደ ፌስቡክ ያለ ጠበቃ ግን የለውም። እንዲህ ያለ አድሚን ደግሞ ለባለሥልጣንም፣ ለታጣቂም፣ ለሰፈር ጉልበተኛም ቅርብ ነው። ስልኩ ተደውሎ «ይህን አንሳ» ሲባል እምቢ የሚልበት አቅም ከየት ይመጣል?

ይህን ሁሉ ብዬም በአማርኛ የሚጻፈውን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢዳኘው እመርጣለሁ። የጎንደርን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ቀልዱን ከዛቻው ይለያል፤ አንድ ስድብ የትኛውን ሕዝብ እንደሚነካ፣ ከየትኛው ቃል በኋላ ድንጋይ እንደሚወረወር ያውቃል። ይህን ዕውቀት ማሽን ገና አላገኘውም። ያልተማከለ መድረክ ለዚህ ዕድል ይሰጣል፣ ከተጠቀምንበት። ሰርቨሩ በአንድ ሰው ይለፍ ቃል ሳይሆን ቢያንስ በሦስት ሰዎች ይያዝ፤ ከሦስቱ አንዱ ከአገር ውጭ ይኑር፣ ስልክ ተደውሎ የማይጨነቅ እንዲሆን። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ደግሞ የሌላው ወገን ሰው ይሁን፤ ትግርኛ የሚያነብ፣ ቅማንት ወይም ሙስሊም የሆነ፣ ብዙኃኑ የማያየውን ዛቻ የሚያይ። ወጪውን ማን እንደሚከፍል በየወሩ ይገለጽ። የተነሳ ጽሑፍ ሁሉ በማን እንደተነሳና በየትኛው ደንብ እንደሆነ በ48 ሰዓት በማይጠፋ፣ ማንኛውም አባል በሚያየው መዝገብ ይጻፍ። ዛሬ በቴሌግራም ቡድን የያዙ አድሚኖችም ይህን ለመጀመር አዲስ መድረክ መጠበቅ የለባቸውም፤ «ስም ሰውር» የሚለውን አጥፍተው፣ የሰረዙትን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአባላቱ መዘርዘር ይችላሉ።